ጎረቤትን ጭራቅ ሳናደርግ የሚያስፈራ ፊልም እንዴት እንሥራ?

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ ደብረ ሲና ወይም መሐል ሜዳ ሆናችሁ በስልክ ካሜራም ቢሆን ፊልም ካልሠራን ያላችሁ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። በተለይ «ብር የለንም፣ ስለዚህ ሳይኮሎጂካል ትሪለር (በጥርጣሬና በጭንቀት የሚያስፈራ ፊልም) እንሥራ» ላላችሁት። ምርጫችሁ ልክ ነው። መኪና አይገለበጥም፣ ሕንፃ አይቃጠልም። አንድ ቤት፣ ጥቂት ሰው፣ ጨለማና ድምፅ ካለ ይበቃል። ፍርሃቱ የሚሠራው ተመልካቹ ጭንቅላት ውስጥ ስለሆነ ወጪውን የሚችለው እሱ ነው።

ጣጣውም እዚያው ላይ ነው። ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት የሚመጣ ፍርሃት አለ። ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ናት፤ ጸጉሩን ያንጨባረረው ሰው አደገኛ ነው፤ በማላውቀው ቋንቋ የሚያወራው ስለ እኔ ነው የሚያወራው። ሰነፍ ጸሐፊ ይሄን በነፃ ያገኘው ይመስለውና አንሥቶ ይጠቀምበታል። ስለ ብዝኃነትና ስለ ውክልና ሲነሣ ደግሞ ብዙዎቻችን የስብሰባ ወሬ ይመስለንና ጆሯችን ይዘጋል። እኔ የማወራው ስለ ሙያው ነው። የተለየውን ሰው ማስፈራሪያ ያደረገ ፊልም መጨረሻው ገና በአሥረኛው ደቂቃ ይታወቃል። ትሪለር መጨረሻው ከታወቀ ደግሞ አበቃለት።

1. ታሪኩን ባላችሁ ቤት ልክ ቁረጡ

ከመጻፋችሁ በፊት በእጃችሁ ያለውን ዘርዝሩ። የማን ግቢ ታገኛላችሁ? ስንት ቀን? ማታ መብራት ቢሄድ ምን አላችሁ? ከዚያ አገሩ በነፃ የሚሰጣችሁን ጨምሩበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ሲያነጣው ካሜራ ደቅኖ መቆም ብቻ ነው የሚቀራችሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ሌላ አገር በሚሊዮን ከፍለው የሚያመጡትን ጭስ እናንተ ቆማችሁ ትቀርጹታላችሁ። ብቻ ከመውጣታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ የወረዳና የቀበሌ ደብዳቤ ያዙ፣ ድሮን ያለ ፈቃድ አታንሡ።

ነገሩ እንዲገባን አንድ ታሪክ እንፍጠርና እሱን ይዘን እንሂድ። አንዲት ወጣት የባንክ ሠራተኛ አንኮበር ትመደባለች። አገር የሚያከብራቸው ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ ጋሼ እና እትዬ፣ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ያከራዩዋታል። ከእሷ በፊት የነበረችው ተከራይ ማንንም ሳትሰናበት እንደሄደች ትሰማለች። ማታ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ኳ… ኳ… ኳ… የሚል ድምፅ አለ። ከአጥሩ ጀርባ አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖራለች። ሥራ የሚያመላልሳት ባለ ባጃጅም አለ። አምስት ሰው፣ አንድ ግቢ፣ በቃ።

አምስት ሰው ውስጥ የአገሩን ሕዝብ ሁሉ ለመጠቅጠቅ አትሞክሩ። አንድ የዚህ ብሔር፣ አንድ የዚያ ሃይማኖት፣ አንድ አካል ጉዳተኛ እያላችሁ ከደረደራችሁ ፊልሙ የበዓል ትርኢት ይሆናል። ጥያቄው «በዚህ ግቢና በዚህ መንገድ በእውነት ማን ይኖራል?» ነው። ሰሜን ሸዋ ላይ መልሱ ራሱ ሰፊ ነው። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ስትወርዱ አርጎባ ነጋዴ አለ። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ዝቅ ስትሉ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ጎረቤት አለ። ከዚያ ወዲያ አፋር ነው። መንዝ ላይ ሌላ አነጋገር፣ ምንጃር ላይ ሌላ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ከሩቅ ተፈናቅሎ የመጣ ብዙ ሰው አለ። ፈጠራ አያስፈልግም፤ ዓይን ነው የሚያስፈልገው።

2. ፍርሃቱ ከማን እንደሚመጣ በወረቀት አስቀምጡ

ይሄ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል፣ ቶሎ አትለፉት።

አንድ ወረቀት አውጡና ለሁለት ክፈሉ። በግራ በኩል የአምስቱን ሰዎች ስም ጻፉ። በቀኝ በኩል «ተመልካቹ ይሄን ሰው ለምን ይጠረጥረዋል?» ብላችሁ መልሱ። አሁን መልሶቻችሁን እዩ። ምክንያቱ ሰውየው ያደረገው ነገር ነው ወይስ የሆነው ነገር? «በር ላይ ቆሞ ሲያዳምጥ ታየ» ድርጊት ነው። «ሸክላ ሠሪ ናት» ድርጊት አይደለም። በቀኝ በኩል ድርጊት የሌለው ሰው ካለ ስክሪፕቱ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። እናንተ አልሠራችሁም፤ ሥራውን የሰጣችሁት ለተመልካቹ ጭፍን ጥላቻ ነው።

የእኛ ታሪክ የሚሰናከለው ሸክላ ሠሪዋ ላይ ነው። ባለ እጅን ቡዳ ማለት፣ ማታ ጅብ ሆኖ ይወጣል ማለት የቆየ ነገር ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬም አንዲት ሸክላ ሠሪ ገበያ ላይ ምጣዷን ሲገዟት ቆይተው ልጇን ለጋብቻ የማይፈልጉባት ቦታ አለ። እናንተ ጥቁር ነጠላ አልብሳችሁ ከታች በባትሪ እያበራችሁ ስታሳይዋት ያንን ሁሉ እውነት ነው ብላችሁ ፈረማችሁ።

«ግን መጨረሻ ላይ ንጹሕ ሆና ትገኛለች እኮ!» የሚል አይጠፋም። አውቃለሁ። አይበቃም። ሰማንያ ደቂቃ አስፈርታችሁን በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች «አይ፣ እሷ አይደለችም» ብትሉ ተመልካቹ ይዞ የሚሄደው ሰማንያውን ነው። የተመልካቹን ጭፍን ግምት እንደ ወጥመድ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ጥሩ ትሪለር እንደዚያ ያደርጋል። ግን ሦስት ነገር አሟሉ። አንደኛ፣ ጥርጣሬው የተከራይዋ እንጂ የካሜራው አይሁን። ሸክላ ሠሪዋን አስፈሪ ሆና የምናያት ተከራይዋ ባለችበት ብቻ ከሆነ፣ በተከራይዋ መስኮት፣ በተከራይዋ ፍርሃት፣ ያ የእሷ ዓይን ነው። ተከራይዋ በሌለችበት ሾት ሸክላ ሠሪዋን ክፉ አስመስላችሁ ካሳያችሁ ግን የዋሻችሁት እናንተ ናችሁ። ሁለተኛ፣ ፊልሙ ከመጋመሱ በፊት ሴትዮዋን ብቻዋን፣ በቤቷ፣ ሥራዋን ስትሠራ አሳዩን። ሦስተኛ፣ ንጹሕ መሆኗ ብቻ ሳይሆን ለታሪኩ የምታስፈልግ ሰው ትሁን።

ሦስተኛውን እንዴት? ድምፁ አለን አይደል፣ ኳ… ኳ… ኳ። ሸክላ የሚሠራ ሰው ከእሳት የወጣን ዕቃ በጣቱ አንጓ መታ መታ አድርጎ ያዳምጣል። ደህናው ይጮሃል፤ ስንጥቅ ያለበት የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሴትዮዋ ቀን ገበያ ውላ፣ ማታ በኩራዝ ብርሃን ምጣዷን እያንኳኳች ትለያለች። ተከራይዋን እንቅልፍ የነሣት ይሄ ነው። አሁን ይሄን ጆሮ ወደ መጨረሻው አምጡት። ሸክላ ሠሪዋ ተከራይዋ ክፍል ገብታ ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ይለወጣል። ከምርጊቱ ጀርባ ባዶ ነው። ጋሼ የደፈኑት በር አለ። የጠፋችው ተከራይ ጉዳይ የሚፈታው አገር ቡዳ በሚላት ሴት ሙያ ነው። አንድ ብር አልጨመራችሁም፤ ፊልሙ ግን ሌላ ፊልም ሆነ።

አደገኛው ሰው ማን እንደሆነም አስተውሉ፤ በዕድር የሚመሰገኑት፣ በሠርግ ከፊት የሚቀመጡት ጋሼ ናቸው። ተመልካቹ ዓይኑ እያየ ያልጠረጠራቸው ለምን እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

3. ለሁሉም ጉዳይ ስጧቸው

ስክሪፕታችሁ ላይ «ሸክላ ሠሪ»፣ «ባለ ባጃጅ» ብላችሁ የተዋችሁትን ሰው ስም አውጡለት። ሸክላ ሠሪዋ አስካለ ትባል። ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ አስካለ ይሄን በር ከማንኳኳቷ በፊት ምን ስትሠራ ነበር?

በመጀመሪያው ረቂቅ አስካለ ሌሊት በሩን የምታንኳኳው እኛን ለማስደንገጥ ነው። ሌላ ምክንያት የላትም። አሁን ምክንያት እንስጣት፦ እትዬ ምጣድ ወስደውባት ገንዘቡን አልሰጧትም። ቀን ሰው ፊት ብትጠይቅ ነውር ነው፣ እሳቸውም «ነገ ነይ» ይሏታል። ስለዚህ መሸት ሲል መጣች። አሁን ትዕይንቱ እንዲህ ይሆናል።

ተከራይዋ በሩን በጠባቡ ትከፍታለች። አስካለ ቆማለች፣ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነክቶታል፣ ዓይኗ ከተከራይዋ አልፎ ወደ ውስጥ ይፈልጋል። «እትዬ አሉ?» ትላለች። «የሉም።» አስካለ አትሄድም። ግድግዳውን ታያለች። ተከራይዋ ትፈራለች፣ እኛም እንፈራለን። አስካለ ግን እያየች ያለችው ምርጊቱ አዲስ መሆኑን ነው፤ ጭቃ ሥራዋ ነው፣ የቱ የዘንድሮ የቱ የአምና እንደሆነ ታውቃለች። ሁለተኛ ጊዜ ስናየው ትዕይንቱ ትርጉሙ ተገልብጦ ነው የሚታየን። አስፈሪነቱ አልቀነሰም፤ እንዲያውም የሚያስፈራው አሁን ነው።

ለባለ ባጃጁም እንደዚሁ። የራሱ ጉዳይ ይኑረው። የባጃጁን ዕዳ ይክፈል፣ እህቱን ይዳር፣ ምንም ይሁን። ለተከራይዋም «ቆንጆና ፈሪ» መሆን ብቻ አይበቃም። የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ሒሳብ ሲጎድል ታውቃለች፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትይዘው የኪራይ ደረሰኝ ላይ ያለውን የቀን መዛባት ይሁን።

4. የአእምሮ ሕመምን ማምለጫ አታድርጉ

የዚህ ዘውግ ትልቁ ስንፍና ይሄ ነው። ገዳዩ ማነው? እብዱ። ለምን ገደለ? እብድ ስለሆነ። ተከራይዋ ያየችው ሁሉስ? አብዳ ነው። ጸሐፊው ማብራራት ሲያቅተው ሕመሙ ይጠራለታል። እውነታው ሌላ ነው፦ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ሌላውን ከሚጎዳ ይልቅ እሱ የመጎዳት ዕድሉ ይበልጣል። ስኪዞፍሬንያም አንድ ሰው ሁለት ሰው መሆን አይደለም፤ ያንን ከቆዩ ፊልሞች ነው የወረስነው።

ተከራይዋ ያየችው ነገር አጠራጣሪ እንዲሆን ከፈለጋችሁ እንቅልፍ ንሷት። ለቀናት በቂ እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ጥላ ይሳሳታል፣ ድምፅ ይሳሳታል፣ ነገር ይረሳል። ዱካክም አለላችሁ። ዓይን ተከፍቶ፣ አእምሮ ነቅቶ፣ ሰውነት አልታዘዝ ሲል፣ ክፍሉ ውስጥ ሰው ያለ ሲመስል። ብዙ ጤነኛ ሰው ያጋጥመዋል፤ በጀርባ የተኛና እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ ይብሳል። አገራችን ስም አውጥቶለታል፣ ተመልካቹ ያውቀዋል፣ ለመቅረጽ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ አልጋ፣ የማትንቀሳቀስ ተዋናይትና ቀስ ብሎ የሚከፈት በር ብቻ ነው።

ታሪካችሁ በእውነት የታመመ ሰው ካለበት በሆስፒታል የሚሠራ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ፈልጋችሁ ስክሪፕቱን አስነብቡ። ታሞ የዳነ ሰው ወይም ያስታመመ ቤተሰብ ብታገኙ ደግሞ ይበልጣል። ሰዉ ጠበል ሄዶ መድኃኒቱንም ይወስዳል፤ ስለዚህ «ሃይማኖት ከሕክምና» የሚል ቅልጥ ያለ ጠብ አትፍጠሩ፣ የሰዉ ኑሮ እንደዚያ አይደለም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሄዳችሁ ጠበልተኛን ተደብቃችሁ እንዳትቀርጹ። የሚጮኸው ሰው የእናንተ ተዋናይ አይደለም። ነገ ሲሻለው ፊቱን ዩቲዩብ ላይ ያገኘዋል።

5. ቋንቋ

የገጠር አነጋገርን ለማሳቂያ ወይም ለማስፈራሪያ ብቻ የማስቀመጥ አመል አለን። ሐኪሙ፣ መርማሪው፣ አፍቃሪው የአዲስ አበባ አማርኛ፤ ዘበኛውና ነፍሰ ገዳዩ የመንዝ። ገልብጡት። ጋሼ የተጣራ የቢሮ አማርኛ ይናገሩ። በሳል ነገር የምትናገረው አስካለ ትሁን፣ በራሷ አፍ። ንግግሩን ደግሞ እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ «ገጠርኛ» እያላችሁ አትጻፉት። ሐሳቡን ለተዋናይዋ ንገሯት፣ እሷ በአፏ ትበለው፣ ቀድታችሁ ጻፉ።

ባለ ባጃጁ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ከሆነ በተሰባበረ አማርኛ አታናግሩት። ሰው ሲደነግጥ፣ ከእናቱ ጋር ሲያወራ፣ ሲጸልይ ወደ አፍ መፍቻው ነው የሚሄደው። እንደዚያው ይናገር፣ እናንተ ከሥር ጽሑፍ አድርጉለት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም በነፃው ሥሪቱ ይሄን ይሠራላችኋል። የቋንቋውን ተናጋሪ ግን አሳዩት፣ ፊደሉ ሳይቀር ይታረም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ተከራይዋ ባጃጁ ውስጥ ናት፣ ሹፌሩ በስልክ በአፋን ኦሮሞ ያወራል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጓል፣ በመስታወት ያያታል። ከሥር ጽሑፍ አታድርጉ። ተከራይዋ አልገባትም፣ ብዙው ተመልካችም እንደዚያው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ተመልካች ግን ገብቶታል፣ ተከራይዋ ስትፈራ ሲያይ ይስቃል ወይም ይናደዳል። ኋላ ላይ ያው ትዕይንት ከጽሑፍ ጋር ይመለስ። ሹፌሩ ለእህቱ «ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ አልተኛችም፣ ያ ቤት ደስ አይለኝም፣ ማታ ሄደሽ እያት» እያላት ነው። ወጪው ዜሮ ነው። ብቻ መመለሱን እንዳትረሱ፤ ሳትመልሱት ከቀራችሁ ቋንቋውን ማስፈራሪያ አደረጋችሁት።

6. ተዋናይ ፍለጋ

ማስታወቂያችሁን የተዋናዮች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብቻ አትለጥፉ። ሁልጊዜ ያው ፊት ይመጣል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች፣ የወረዳው የባህል ቡድን፣ የሴቶች ማኅበር፣ ገበያው፣ ዕድሩ ጋ ሂዱ። ከ50 ዓመት በላይ ያለች ሴት ለመተወን ስትመጣ ካሜራው ፊት የሚሆነውን ካያችሁ ለወጣቷ ብቻ መጻፍ ትተዋላችሁ።

መፈተኛችሁ «አልቅሺ እስቲ» አይሁን። ቡና እያፈሉ እንዲዋሹ ጠይቋቸው። እጁ ሥራ ላይ እያለ የሚዋሽ ሰው ለትሪለር የተፈጠረ ነው።

ስለ መልክም እንነጋገር። ቀይዋ ዋና ተዋናይት፣ ጥቁሩ ሌባ። ይሄ አመል ማንም ሳያስብበት ይገባል። ምርጫችሁን ስትጨርሱ የአምስቱንም ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩት፣ ከቆዳ ቀለም ክፉውን መገመት ከተቻለ አንድ ሰው ቀይሩ። ዓይነ ስውር ወይም መስማት የተሳነው ገጸ ባሕርይ ካላችሁ ደግሞ ያው ጉዳት ራሱ ያለበት ሰው ይተውነው። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አስተርጓሚ ቀጥሩ እንጂ እጁን የሚያወናጭፍ ተዋናይ አታምጡ። «ልዩ የስድስተኛ ስሜት ያለው ዓይነ ስውር» የሚባለውንም እባካችሁ ይብቃን።

ተፈናቅሎ የመጣ ሰው ብትመርጡ የደረሰበትን ነገር እንደገና እንዲኖረው አትጠይቁት። ለሌላ ሚና ይምጣ። ጋሼን ይሁን፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይሁን።

7. መዋዋልና መከባበር

ውሉ አንድ ገጽም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን፣ ማንበብ ለማይችል ሰው ከራሱ ወገን የሆነ ሰው ያንብብለት። የቀን አበል ለሁሉም እኩል ቢሆን ብዙ ኩርፊያ ይቀራል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣው ከአካባቢው ተዋናይ እጥፍ የሚከፈለው ከሆነ ወሬው በማግስቱ ግቢውን ይሞላዋል።

ለአስካለ ሚና የመረጣችኋትን ሴት አስቀምጣችሁ ታሪኩን ሙሉውን ንገሯት። «ሰዎች ቡዳ ናት ብለው ይጠረጥሩሻል፣ ኋላ እንዲህ ይሆናል» በሏት። ለቤተሰቧም ንገሩ። እናንተ ቀረጻ ጨርሳችሁ ትሄዳላችሁ፣ እሷ ገበያ ትወጣለች። እንቢ ካለች አታባብሏት። እሺ ካለች ደግሞ የሸክላውን ሥራ እንዴት እንደሚቀረጽ የምትነግራችሁ እሷ ትሁን፣ የአማካሪ ክፍያም ይጨመርላት።

ልጅ ካሠራችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አለ። ዕድሜው 15 ያልሞላ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። የሌሊት ትዕይንት ለሚበዛበት ፊልም ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ስትጽፉ ያዙት።

ምግብ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ይኑር። ሙስሊም ባልደረባ ካላችሁ ሥጋው ከየት እንደመጣ አስቡ፣ የሶላት ሰዓቱንና የጁምዓውን ፕሮግራሙ ላይ ጻፉት። ታላላቆችን ካሜራ ፊትም «አንቺ፣ እዚህ ቁሚ» አይባልም። እትዬ፣ እማማ፣ ጋሼ። የሃያ ሁለት ዓመት ዳይሬክተር ይሄን ሲያውቅ ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

8. ብርሃን፣ ልብስ፣ ድምፅ

ትሪለር ጨለማ ነው ብላችሁ ፊቱን ሁሉ አታጥፉት። ስልክ በጨለማ ሲቀርጽ ለጠይምና ለጥቁር ፊት አያዝንም፤ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ሰውን ጭራቅ የማድረጊያ አቋራጭ ነው። ስልኩ ላይ የሚታየውን ፊት በጣታችሁ ነክታችሁ ያዙት፣ ብርሃኑንና ትኩረቱን ቆልፉ። አንዷን የኤልኢዲ መብራት ከፊት ለፊት አትደቅኑ፤ ከጎን፣ ትንሽ ከኋላ አድርጓት፣ ብርሃኑ ጉንጭና ግንባር ላይ ይንሸራተት። በሌላኛው ጎን ነጭ ነጠላ ዘርጉ፣ ብርሃን ይመልሳል። ጉንጭ ላይ ጥቂት ቫዝሊን ተአምር ይሠራል። ሁለት ሰው በአንድ ሾት ካለ ጠቆር ያለውን ወደ መብራቱ አስጠጉት። አስካለና ጋሼ እኩል ይታዩ።

ልብስ ላይ ሁሉን ሰው የበዓል ነጭ አታልብሱ። ብርድ ነው። የመንዝ ሰው ባና ይደርባል፣ ዝተት ለብሶ ይተኛል፣ ወጣቱ ጃኬትና ኮንጎ ጫማ ነው፣ አልዩ አምባ ስትወርዱ ቆላ ስለሆነ ሌላ ነው። ከተዋናዩ ቤት ቁም ሣጥን የሚበልጥ የልብስ ባለሙያ የለም።

ባትሪ በውርጭ ቶሎ ያልቃል፣ ትርፉን ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። የላፔል ማይክ (ልብስ ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ) በጋቢ ውስጥ ስትደብቁ ይፋጫል፣ በፕላስተር ለጥፉት።

ድምፅ ስትመርጡ ግን ቆም በሉ። አዛንን ወይም የቅዳሴን ዜማ አዘግማችሁ፣ አጎርንናችሁ «የሚያስፈራ ሙዚቃ» ማድረግ በጣም ቀላል ነው፤ አታድርጉት። ለሚሊዮኖች የንጋት ድምፅ ነው። ነፋስ አላችሁ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ በውርጭ ሲንኳኳ አላችሁ፣ ጅብ አላችሁ፣ የአስካለ ጣት አላችሁ። ጅቡን ብቻ አስካለ በምትታይበት ሾት ላይ አትጫኑት፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷችኋል።

9. ሳትለቁት አሳዩት

የመጀመሪያውን ቅንብር ለጓደኞቻችሁ ብቻ ካሳያችሁ «አሪፍ ነው ባክህ» ይሏችኋል። ሦስት ዓይነት ሰው ጥሩ፦ ታሪኩን የማያውቅ፣ የአካባቢው ታላቅ ሰው፣ እና በፊልሙ ላይ ከተወከሉት ወገን የሆነ ሰው። ለሸክላ ሠሪዎቹ፣ ለአፋን ኦሮሞ ተናጋሪው፣ ታሞ ለዳነው። «ወደዳችሁት?» አትበሉ። «የት ላይ ማንን ጠረጠራችሁ? ለምን?» በሉ፣ ደቂቃውን መዝግቡ። ሰዉ አስካለን የጠረጠረው በሩ ላይ ስለቆመች ከሆነ ሠርታችኋል። ገና ስትታይ «ኸረ ይቺ ናት» ካሉ ከእሷ በፊት አንድ የጋሼን ሾት ጨምሩ፣ ወይም የእሷን መግቢያ በቀን ብርሃን ገበያ ላይ አድርጉት።

በመጨረሻ የዩቲዩቡ ሽፋን ፎቶ። ስንቱ ደህና ፊልም እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ለፊልሙ ያን ሁሉ ለፍታችሁ፣ የአስካለን ፊት ቆርጣችሁ ዓይኗን ቀይ ቀብታችሁ «የአንኮበሯ ቡዳ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ፣ ከሚያዩት ሰዎች አብዛኞቹ ፊልሙን ሳይከፍቱ ያችን ፎቶ ብቻ አይተው ያልፋሉ። ሽፋኑን ለሚሠራው ልጅ ክልከላውን በጽሑፍ ስጡት። አዲስ ምርጊት ያለበት ግድግዳና አንዲት የምታዳምጥ እጅ ይበቃል። ስሞቹም ከሥር ሲዘረዘሩ በትክክል ይጻፉ፣ የአባት ስም ሳይቀር፣ አስካለን የተወነችው ሴት በአማካሪነቷም ሁለተኛ ጊዜ ትጠቀስ።